የወደቀ ላባ የማን ነው? በቀቀን፣ ላባው እና የሰው ልጅ መዛግብት

የዛሬው ርእሴ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ፈገግ ያሰኛቸው ባልደረቦች እንደነበሩ ሰምቻለሁ። አልፈርድባቸውም። የታሪክ ሰው ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ንግድ መሥመር፣ ስለ ነገሥታት ዜና መዋዕል እንጂ በቀቀን ከሥሩ የወደቀችውን ላባ አንሥቶ ስለሚያኝክበት ነገር ይናገራል ተብሎ አይጠበቅም። ይሁንና ላለፉት ጥቂት ዓመታት ያስጨነቀኝ ጥያቄ ይኸው ነው፤ ከየት እንደ ጀመረ ሳልነግራችሁ ወደ መዛግብቱ ብገባም ነገሩ ጎዶሎ ይሆናል።

በአሜሪካ ትምህርቴን በምከታተልበት ጊዜ ክፍል ያከራዩኝ አንዲት አረጋዊት ግራጫ የአፍሪካ በቀቀን ነበራቸው። ወፉ ከእርሳቸው ጋር ከሃያ ዓመት በላይ ኖሯል። ላባ በሚለውጥበት ወራት ከቀይ የጅራት ላባዎቹ አንዱ ወደ ሽቦ ቤቱ ወለል በወደቀ ቁጥር ከመቆሚያው እንጨት ዝቅ ብሎ፣ በግራ እግሩ አንሥቶ፣ እንደ ጸሓፊ ብዕር ይዞ ያገላብጠው ነበር። በመጀመሪያ ጎንና ጎኑ ያለውን ሐር የመሰለ ክፍል በምንቃሩ ከላይ እስከ ታች ይስበዋል። ቀጥሎ አገዳውን ከሥሩ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ይሰነጥቃል። በመጨረሻም የቀረችውን ቁራጭ ወደ ኋላ አዙሮ ምንቃሩ የማይደርስበትን ማጅራቱን ያክበታል፤ ይህን ሲያደርግ ዓይኖቹን ይከድን ነበር። አረጋዊቷ ቤቱን ሲጠርጉ የወደቁትን ላባዎች አይጥሉም፤ መልሰው ያስገቡለታል።

አንድ ቀን ለጥየቃ የመጡ ዘመዳቸው ወለሉ ላይ የተበታተነውን ቀይና ግራጫ ስብርባሪ ተመልክተው፣ ወፉ ራሱን እየነቀለ መሆኑን፣ ይህም ከብቸኝነትና ከአያያዝ ጉድለት የሚመጣ ሕመም መሆኑን፣ እንዲህ ያለ ወፍ ከእርሳቸው እጅ ሊወሰድ እንደሚገባ በቁጣ ነገሯቸው። አረጋዊቷ ለቀናት ምግብ አልበላ አላቸው። እኔ ደግሞ፣ ታሪክ አጥናለሁ እያልኩ፣ ሁለቱ ሰዎች አንድ ወለል ላይ አንድ ዓይነት ላባ አይተው እንደምን ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ሊያነብቡ እንደቻሉ ለመመለስ አቅም አልነበረኝም። በኋላ የወፎች ሐኪም ወፉን መርምሮ ቆዳው ጤናማ፣ አዲሶቹ ላባዎች ሙሉ መሆናቸውን አረጋገጠ። ያኝክ የነበረው የወደቀውን እንጂ የበቀለውን አልነበረም። ነገሩ በዚህ ተዘጋ፤ ለእኔ ግን የተከፈተው ያን ጊዜ ነው።

ለተማሪዎች ስል ስለ ላባ ጥቂት ልበል። ላባ እንደ ጥፍርና እንደ ጸጉር ከኬራቲን የተሠራ ነው። በማደግ ላይ ሳለ በሥሩ ውስጥ ደም ይዘዋወርበታል፤ በዚያን ጊዜ ቢነቀል ወፉ ይታመማል፣ ይደማልም። እድገቱን ሲጨርስ ደሙ ይሸሻል፣ ሥሩ ይዘጋል፣ ላባው በድን ይሆናል። ዘመኑ ሲደርስ ከሥር የሚበቅለው አዲሱ ላባ አሮጌውን ገፍቶ ይጥለዋል። በቀቀኖች የክንፍ ላባቸውን የሚለውጡት በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከመካከለኛው ጀምሮ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ በየተራ ነው፤ በዚህም ምክንያት መብረር ሳይሳናቸው ለረዥም ጊዜ አንድ አንድ ላባ ሲጥሉ ይኖራሉ። ከቆዳ ገና የወጣ ላባ ቀጭን ሽፋን ስላለው ወፉ ያንን ሽፋን በምንቃሩ እየላጠ ላባውን ይፈታዋል። እንግዲህ ላባን በምንቃር መያዝ፣ መሳብ፣ መላጥ፣ ማበጠር የዕለት ሥራው ነው። የወደቀውን ላባ ሲያነሣ ያንኑ የለመደውን ሥራ በእግሩ በያዘው ነገር ላይ መቀጠሉ ነው። በቀቀን ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ ሁለት ጣት ወደ ኋላ ያለው፣ ምላሱ ሥጋማና ቀልጣፋ የሆነ ፍጡር ስለሆነ ባዶ አገዳ ያለው ቀላል ዘንግ ለእርሱ የሚመች ዕቃ ነው።

ጥያቄዬ እንዲህ የሚል ሆነ። ሰው በቀቀንን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በቤቱ ሲያኖር ይህን ነገር በየዕለቱ አይቶት መሆን አለበት። ታዲያ ለምን አልጻፈውም?

የጻፈውን እንመልከት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ዓመት ገደማ በፋርስ ቤተ መንግሥት ሐኪም የነበረው ግሪካዊው ክቴሲያስ ስለ ህንድ በጻፈው መጽሐፉ ፊቱ ቀይ፣ ጢሙ ጥቁር የሆነ፣ የሰው ቋንቋ የሚናገር ወፍ ገልጿል፤ እንደ ህንዳዊ ይናገራል፣ ግሪክኛ ቢያስተምሩትም ግሪክኛ ይናገራል ይላል። አርስጣጣሊስ ስለዚሁ የህንድ ወፍ የሚነግረን ወይን ሲጠጣ ድፍረቱ እንደሚብስ ነው። ሮማዊው ፕሊኒ ደግሞ ራሱ እንደ ምንቃሩ ጠንካራ ስለሆነ ንግግር ሲማር በብረት ዘንግ መመታት እንዳለበት፣ እግሩ ደካማ በመሆኑ ሲያርፍ በምንቃሩ እንደሚደገፍ ጽፏል። ልብ በሉ፤ በምድር ላይ ካሉት አእዋፍ ሁሉ እጅግ ብልህ እግር ያለውን ወፍ ፕሊኒ እግረ ደካማ አለው። ያየው የሚጠብቀውን ነበር እንጂ የሚደረገውን አልነበረም። ሦስቱም ጸሐፍት ጆሮ እንጂ ዓይን አልነበራቸውም ብል ማጋነን አይመስለኝም። በቀቀን ለእነርሱ ድምፅ ነበረ።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ። እኛም ከዚህ የተለየን አይደለንም። በአማርኛ አንድን ሰው «በቀቀን» ስንለው ሳይገባው የሰማውን የሚደግም ማለታችን ነው፤ በፈተና ሰሞን መምህራን ይህን ቃል እንደማንቆጥበው ተማሪዎቻችን ያውቃሉ። ወፉ ከሰው አፍ የወሰደውን ብቻ መዝግበን በራሱ ጊዜ፣ በራሱ እግር የሚያደርገውን አልሰየምነውም። ቃላችንም ከፕሊኒ መጽሐፍ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

ከዚህ ልማድ ለመውጣት ከተቃረቡት አንዱ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው ዳግማዊ ፍሬድሪክ ነው። ስለ ጭልፊት አደን ባዘጋጀው ታላቅ የላቲን መጽሐፍ ውስጥ የግብፅ ሱልጣን በስጦታ የላከለትን ነጭ ኮካቱ ጠቅሷል። በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት በሚገኘው የብራና ቅጂ ላይ የዚህ ወፍ አራት ሥዕሎች እንዳሉ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አሳይቷል። የኮካቱ አገሩ ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ያሉት ደሴቶች አካባቢ በመሆኑ ለንግድ ታሪክ ተመራማሪዎች ይህ ትልቅ ግኝት ነው። እኔን የሳበኝ ግን ንጉሡ የላባውን ቀለም በጥንቃቄ መመልከቱ ነው፤ ነጩ በጎኑ በኩል ወደ ቢጫ ማዘንበሉን አስተውሏል። ላባው በመጨረሻ ታየ። የታየው ግን እንደ ጌጥ ነው።

ላባው እንደ ሀብት የታየበትን ዓለም ለማወቅ ወደ አሜሪካ አህጉር መሻገር ያስፈልጋል። በዚህ ክፍል ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

በዛሬዋ ኒው ሜክሲኮ፣ ቻኮ ካንየን በተባለው ደረቅ ሸለቆ ውስጥ ፑዌብሎ ቦኒቶ የሚባል በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ክፍሎች ያሉት ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1897 በተካሄደው ቁፋሮ ክፍል 38 ተብሎ በተመዘገበው ስፍራ ከአሥር በላይ የቀይ ማካው አፅሞችና በወለሉ ላይ የተጋገረ ወፍራም የወፍ ኩስ ተገኝቷል። ቀይ ማካው የሞቃትና የእርጥብ ደን ወፍ ነው፤ ከተፈጥሮ መኖሪያው እስከዚያ ሸለቆ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የካርቦን ዕድሜ ልኬት ወፎቹ በዚያ መኖር የጀመሩት ከ900 ዓ.ም. ገደማ አንሥቶ መሆኑን አመልክቷል። የኩሱ ውፍረት የሚነግረን ወፎቹ በዚያ ክፍል ውስጥ መኖራቸውን ነው፤ ለአንድ ቀን በዓል መጥተው አልታረዱም። በደቡብ ምዕራቡ አካባቢ ከተገኙት አፅሞች አንዳንዶቹ የፀሐይ ብርሃንና የተመጣጠነ ምግብ ማጣትን የሚመሰክር የአጥንት መጣመም ይታይባቸዋል። በደቡብ በኩል፣ በሰሜን ሜክሲኮ በሚገኘው ፓኪሜ፣ ከ1200 ዓ.ም. በኋላ ማካው የሚረባባቸው የጭቃ ክፍሎች ነበሩ፤ ክብ የድንጋይ በራቸውና መዝጊያቸው እስከ ዛሬ ይታያል። ከዚያም ከሦስት መቶ በላይ የማካው ቅሪቶች ወጥተዋል።

የእነዚህን አፅሞች ዕድሜ ያጠኑ ሊቃውንት አንድ አስደንጋጭ ነገር አግኝተዋል። በደቡብ ምዕራቡ ስፍራዎች ከተገኙት ማካዎች አብዛኞቹ የሞቱት አንድ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። ይህ ረዥሙ የጅራት ላባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ የሚሆንበት ዕድሜ ነው፤ በመሆኑም በጸደይ ወራት ለሥርዓት የተሠዉ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይታመናል። ከዚህ በመነሣት የራሴን ግምት ልጨምር። እነዚያ ወፎች ላባ መለወጥ ሳይጀምሩ ወይም እንደ ጀመሩ ነው የተወሰዱት። የወደቀ የራሱን ላባ አንሥቶ ለማገላበጥ ወፉ በመጀመሪያ ላባው እስኪወድቅ መኖር አለበት።

ከዚህም የባሰ አለ። በሰሜን ቺሊ፣ በአታካማ በረሃ ባሉ የበረሃ ገነቶች ከመቃብር የወጡ የማካውና የአማዞን በቀቀኖች ደረቅ ሬሳዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ከአምስት ስፍራዎች የተገኙ ሃያ ሰባት ሙሉና ከፊል ቅሪቶችን መርምሯል፤ አብዛኞቹ ከ1100 እስከ 1450 ዓ.ም. ባለው ዘመን የነበሩ ናቸው። ወፎቹ የመጡት ከአንዲስ ተራሮች ማዶ፣ በላማ ጉዞ ነው። የአጥንታቸው ኬሚካላዊ ምርመራ የሚመገቡት ጠባቂዎቻቸው የሚመገቡትን እንደነበረ ያሳያል። በአንዳንዶቹ አካል ላይ ስብራት ደርሶ የዳነበት ምልክት አለ፤ ማለትም አንድ ሰው ጉዳታቸውን አስታሟል። በአንዳንዶቹም ላይ ላባቸው በተደጋጋሚ እንደተነቀለ ይታያል። ያው እጅ አብልቷል፣ አስታሟል፣ ነቅሏል። የዚያን ዘመን ሰዎች ጨካኞች ነበሩ ወይስ አፍቃሪዎች የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ የለውም፤ ማስረጃው ሁለቱንም በአንድ ሬሳ ላይ አኑሮልናል።

በአማዞን ተፋሰስ ሕዝቦች ዘንድም የሕያው በቀቀንን አረንጓዴ ላባ ነቅሎ፣ ቆዳውን ከእንቁራሪት በሚገኝ ፈሳሽ ወይም በሌላ ቅባት አሽቶ፣ በምትኩ ቢጫ ላባ እንዲበቅል የማድረግ ጥበብ ነበረ። ቻርልስ ዳርዊን በቤት እንስሳት ላይ በጻፈው ሥራው የዓሣ ስብ በማብላት የበቀቀንን ቀለም ስለ መለወጥ የሚናገረውን ወሬ ከዋላስ ተቀብሎ አስፍሯል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ወፉ ተክል ነው፤ ላባው ደግሞ አዝመራ። የአዝመራ ባለቤት ተክሉ በፍሬው ይጫወት እንደሆነ አይጠይቅም።

በአውሮፓ የላባው ነገር በሌላ መንገድ ተጓዘ። ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1492 በካሪቢያን ደሴት ላይ ባረፈበት ዕለት የአገሩ ሰዎች በቀቀንና የጥጥ ክር ይዘው ወደ መርከቦቹ እንደ ዋኙ መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1502 የተሳለው የካንቲኖ ካርታ በብራዚል ላይ ቀያይ በቀቀኖችን አስቀመጠ፤ አገሪቱም ለተወሰነ ጊዜ የበቀቀን ምድር ትባል ነበር። ከዚያ በኋላ በቀቀን የመኳንንት ሳሎን ነዋሪ ሆነ። ከእነርሱ አንዱ ዛሬም አለ። የሪችመንድ ዱቼስ ፍራንሲስ ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1702 ባረፉ በጥቂት ቀናት ውስጥ አርባ ዓመት ያህል አብሯቸው እንደኖረ የሚነገርለት ግራጫ በቀቀናቸውም ሞተ። ወፉ ደርቆና ተሰናድቶ በዌስትሚንስተር አቢ ከሰም ምስላቸው ጋር ተቀመጠ። በራጅ ሲመረመር የራስ ቅሉን ጨምሮ አፅሙ እንዳለ ውስጡ መኖሩ ታውቋል፤ ተሰናድተው እስከ ዛሬ ከቆዩት ወፎች ሁሉ ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። አርባ ዓመት ማለት ምን ያህል የወደቀ ላባ እንደሆነ አስቡት። የቤቱ አገልጋዮች ጠርገው ጥለውታል። ለቆብ ያልሆነ፣ ለብዕርም ያልሆነ ላባ ቆሻሻ ነው፤ ቆሻሻ ደግሞ መዝገብ የለውም።

በቀቀን በራሱ ላባ ላይ የሚያደርገው ነገር በጽሑፍ ጎልቶ መታየት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ያን ጊዜም የመጣው እንደ በሽታ ሆኖ ነው። የሽቦ ቤት ርካሽ ሆነ፣ የእንፋሎት መርከብ በቀቀንን ለመካከለኛው መደብ ቤት አደረሰ፣ ስለ አያያዙም መጻሕፍት በብዛት ታተሙ። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ «ላባ በሊ» የሚባል ወፍ አለ፤ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ ሥጋና ቅባት በመብላቱ ይሳበባል። ወፉ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ሥራ እንደሌለው ግን ብዙም አይነሣም። ወቅቱ ሰው ራሱ ወፎችን ለቆብ ጌጥ በሚሊዮን የሚጨፈጭፍበት ዘመን እንደነበረ ስናስብ፣ ወፍ ላባውን ማበላሸቱ እንደ ነውር መቆጠሩ ያስገርማል። በሰሜን አሜሪካ የነበረው የካሮላይና በቀቀን ለላባው፣ ለእርሻ ጥበቃና ለሽያጭ ሲባል ተሳድዶ፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1918 በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ሞተ።

በ1929 እና በ1930 ደግሞ ከበቀቀን ወደ ሰው የሚተላለፍ የሳንባ ሕመም በብዙ አገሮች ሽብር ፈጠረ። በሽታው የሚተላለፈው በደረቀ ኩስና በላባ ብናኝ ነው። አሜሪካ የበቀቀን ማስገባትን አገደች፤ በየቤቱም ወፎች ተገደሉ። የወደቀ ላባ ከቆሻሻነት አልፎ አደገኛ ሆነ። የሽቦ ቤቱን ወለል ወዲያው ወዲያው ጥረጉ የሚለው ምክር የሕክምና መሠረት አለው፤ ዛሬም አይናቅም። ውጤቱ ግን ወፉ ላባውን የማንሣት ዕድሉ ይበልጥ እየጠበበ መሄዱ ነው።

ሳይንስ ወደ ወፉ እግር የተመለከተው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ፍሪድማንና ዴቪስ በቀቀኖች በግራ እግራቸው መጠቀም እንደሚያዘወትሩ የሚያሳይ አጭር ጥናት አሳተሙ። የፕሊኒ «ደካማ እግር» በዚህ ተሻረ፤ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኦስትሪያ ፊጋሮ የተባለ ኮካቱ ከእንጨት ስንጣሪ ላጥቶ መሣሪያ ሲሠራ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በኒው ዚላንድ የላይኛው ምንቃሩ የጠፋበት ብሩስ የተባለ ኬያ ጠጠር መርጦ፣ በምላሱና በታችኛው ምንቃሩ መካከል አጣብቆ ላባውን እንደሚያበጥርበት ተመዘገበ። ለዘመናት በየሳሎኑ በላባ ቁራጭ ማጅራቱን ሲያክ የኖረውን ወፍ ለምናውቅ ሰዎች የብሩስ ጠጠር ብዙም አላስደነቀንም። የሚያስደንቀው ለመታየት የወሰደው ጊዜ ነው።

ይሁንና በዚህ ንግግር የአረጋዊቷን ዘመድ እንደ አላዋቂ አድርጌ እንዳላቀርብ እጠነቀቃለሁ፤ ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። በሰው እጅ ካሉ በቀቀኖች ከአሥሩ አንዱ ገደማ የራሱን ላባ ከገላው ላይ የመንቀል ወይም የማኘክ ጠባይ እንዳለው ይገመታል፤ በግራጫውና በኮካቱ ላይ ይበዛል። በካሊፎርኒያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ሙከራ ወጣት የአማዞን በቀቀኖችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ምግቡን ፈልፍሎ የሚያወጣባቸውና የሚጋልባቸው ነገሮች ሰጠ፣ ለሌላው አልሰጠም። የተነፈጉት ላባቸውን ነቀሉ፤ ያገኙት ሙሉ ላባ ኖራቸው። ይልቁንም ከሁሉ የሚጠቅመው፣ ዕቃዎቹ በኋላ ለተነፈጉት ሲሰጡ ጉዳቱ መቀነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ሰፊ ጥናት ደግሞ በተፈጥሮ ምግባቸውን ለመፈልፈል ብዙ የሚደክሙ ዝርያዎች በሰው ቤት ላባቸውን ለመጉዳት ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። በዱር የሚኖር በቀቀን በቀን በርካታ ሰዓት ምግብ ሲፈልግ፣ ሲልጥና ሲሰነጥቅ ይውላል። በቤት ያለው ምግቡን ከሳሕን ላይ በአጭር ጊዜ ይጨርሳል፤ የተረፈው ሥራ ግን ከምንቃሩ አልወጣም።

ስለዚህ ሁለቱ ድርጊቶች፣ የወደቀውን ላባ ማኘክና የበቀለውን መንቀል፣ ከአንድ ምንጭ የሚፈልቁ ናቸው። ልዩነታቸው ወፉ ሌላ የሚልጠው ነገር ማግኘት አለማግኘቱ ነው። ሥሩ የተዘጋ፣ ሙሉና ደረቅ ላባ ወለል ላይ ቢገኝ የወቅቱ ነው። ሥሩ ለስላሳና ደም የነካው ከሆነ፣ ወይም በደረቱ ላይ ቆዳ ከታየ፣ ዘመድየው ልክ ነበሩ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፍት ሁለቱን «ላባ በሊ» በሚል አንድ ስም ሲጠቀልሉ የሠሩት ስሕተት እስከ ሰላማዊት አረጋዊት ሳሎን ድረስ ተጉዞ ምግብ እንደነሣ አይቻለሁ።

በአገራችን ደኖች ስላለው ጉዳይ ከመናገር ብቆጠብ ትወቅሱኛላችሁ። ግራጫው በቀቀን የኛ አይደለም፤ ነገር ግን በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚገኝ፣ በአዲስ አበባ ዛፎች ላይ ሳይቀር የሚታይ ጥቁር ክንፍ ያለው ትንሽ ላቭበርድ አለን። የሳይንስ ስሙ «ታራንታ» የሚለውን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1814 ከታተመው የሄንሪ ሶልት የሐበሻ ጉዞ መጽሐፍ ጋር ሲሆን፣ ታራንታ ከቀይ ባሕር ወደ ደጋው የሚወጣበት ተራራ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ዊልያም ዲልገር ስለ ላቭበርዶች ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ ሴቷ የጎጆ መሥሪያ ቁርጥራጭ በገላዋ ላባ መካከል ሰክታ እንደምትሸከም የሚታይባቸውን ዝርያዎች ሲዘረዝሩ ይህች የኛዋ አንዷ ናት። ላባዋ ቅርጫቷ ነው። ወፏን ለመቶ ሃምሳ ዓመት በስሟ ስናውቃት፣ በላባዋ ምን እንደምትሠራ የተጻፈው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በተሠራ የወፍ ቤት ውስጥ ነው። የምርምር ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች ዛፉ ከዚህ ቅጥር ግቢ ብዙም አይርቅም።

ወደ መጨረሻው ልቅረብ። የዱር በቀቀን ንግድ በሕግ እየጠበበ መጥቷል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1992፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2005 በጊዜያዊነት ከዚያም በ2007 በቋሚነት የዱር ወፎችን ማስገባት ገደቡ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ከዱር ተይዞ የተሸጠው ግራጫው በቀቀን ከ2017 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ከፍተኛው ጥበቃ ተደርጎለታል። ይህ ማለት ዛሬ በየቤቱ ያሉት ወፎች አብዛኞቹ በሽቦ ቤት የተፈለፈሉ፣ ደን አይተው የማያውቁ ናቸው። በሌላ በኩል የፑዌብሎ ሕዝቦች ለሥርዓታቸው የማካው ላባ ዛሬም ያስፈልጋቸዋል። ጆናታን ሬይማን የተባሉ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከእንስሳት ማቆያዎችና ከግለሰቦች ቤት በተፈጥሮ የወደቁ ላባዎችን ሰብስበው ለእነዚህ ማኅበረሰቦች በነፃ የሚያከፋፍሉበትን ሥራ አቋቋሙ። ከክፍል 38 አንድ ሺህ ዓመት ያህል በኋላ ላባው ወደዚያው አካባቢ ይሄዳል፤ በዚህ ጊዜ ግን ወፉ በሕይወት አለ።

በዩታ ግዛት በብላንዲንግ ከተማ በሚገኝ ቤተ መዘክር በ1150 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ፣ በቀይ ማካው ላባ የተሸፈነ መቀነት አለ። የዚያን ዓይነት ዕቃ ያጠኑ ሊቃውንት ስለ ቀለሙ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ አሠራሩ በስፋት ጽፈዋል። እኔ ብፈቀድልኝ የምመለከተው የላባዎቹን ሥርና አገዳ ነው፤ ሥሩ በጊዜው ተዘግቶ እንደሆነ፣ አገዳው ላይም እንደ መርፌ ቀዳዳ የደቀቀ የምንቃር ጥርብ ይኖር እንደሆነ። አረጋዊቷ በስንብቴ ዕለት በፖስታ አድርገው የሰጡኝ ቀይ ላባ አለኝ፤ ይዤው መጥቻለሁ፣ ከንግግሩ በኋላ ቀርባችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ከጫፉ ሦስት ጣት ያህል ታኝኳል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን በደስታ እቀበላለሁ።